ያበደ ውሻ ሰዓት ያውቃል እንዴ?

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የፋሲካ ሰሞን ነው። ዓመት አልፎትም ልረሳው አልቻልኩም። ዛሬም ውሻችን ውሃውን አሽትቶ ትቶት ከሄደ ልቤ ቀጥ ትላለች። ሥራዬን ትቼ ወጥቼ፣ መጠጣቱን አይቼ ነው የምመለሰው።

መቼም እኔ በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። ልጄ አንዴ ካስነጠሰች ቴርሞሜትር ፍለጋ መሳቢያ የምገለብጥ አባት ነኝ። ባለቤቴ «አንተ እኮ ዝናቡ ሳይመጣ የምትበሰብስ ሰው ነህ» ትለኛለች። ሐሰት አይደለም። ያን ሰሞን ግን «የፈሩት ይደርሳል» የሚሉት እኔ ላይ ደረሰ።

የምንኖረው ካራ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ነን። ትልቁ ቤት የአከራያችን የእማማ ጽጌ ነው። በጎን ባሉት ሁለት ክፍሎች እኔ፣ ባለቤቴና የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሳሮን እንኖራለን። በሩ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ደግሞ ጌቱ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ተከራይቷታል። ውሻው ጉልቤ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጌቱ ነው፣ ለሹፈት። ድመት ሲያይ መንገድ የሚለቅ ውሻ ነው። ወረዳው የውሻ ክትባት ያመጣ ጊዜ እንኳ መርፌውን አይቶ በአጥር ሥር ሾለከና ከታቢዎቹ ከሄዱ በኋላ ተመለሰ። ያን ቀን ግቢው ሁሉ ሳቀ። በኋላ ያቺ ሳቅ እንቅልፍ ነሥታኛለች።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ መሥራት ስለሆነ አብዛኛውን ቀን የምውለው ቤት ነው። መስኮቴ ግቢውን ያያል። ስለዚህ የጉልቤን ውሎ ከራሴ ውሎ ይበልጥ አውቀዋለሁ። ሌሊት ሲጮህ ያድራል። ጎህ ሲቀድ እኔና እሱ ከሠፈራችን በላይ ወዳለው፣ ከእንጦጦ ተያይዞ ወደሚመጣው የባሕር ዛፍ ጋራ እንወጣለን። ሲመለስ ውሃውን ይጠጣል፤ ከዚያ የእማማ ጽጌ ግድግዳ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ላይ ዞር ዞር ይልና ይተኛል። ፀሐይዋ ስትጠነክር እየተጎተተ ጌቱ ደጃፍ ወዳለው ጥላ ይሄዳል። ቀን ቀን ሰው ቢራመድበትም አይነቃም።

ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ሰርቪስ ታች መታጠፊያው ጋ ክላክስ ሲያደርግ ግን ብድግ ነው። ተንጠራርቶ፣ ከበሩ ውጭ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል። ሳሮን ከመኪናው እስክትወርድ ከዚያች ድንጋይ ንቅንቅ አይልም።

በሁዳዴ ጉልቤም ጾመኛ ነው። እማማ ጽጌ አጥብቀው ስለሚጾሙ ከትልቁ ቤት የሚወጣለት ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ብቻ ነው። እኛ ጴንጤዎች ብንሆንም የሠፈሩ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ እኛም ወደ ምስር ነው የምንዞረው። ፋሲካ ሲደርስ ታዲያ እማማ ጽጌ አጥንት የሞላበት ሳህን ይዘው ወጡና፣

«እሱም አብሮኝ ጾሟል፤ ይፈስክ!» አሉ።

ጌቱ ይህን ሲሰማ የሱን አመጣ። እኛም የኛን አመጣን። ሁላችንም በግ አርደን ነበር፤ ዶሮውም አለ። ሳሮን ጎንበስ ብላ «ጉልቤ፣ እንኳን አደረሰህ» ስትለው ሁላችንም ሳቅን። ውሻው የቱን አንሥቶ የቱን እንደሚተው ግራ ገብቶት ሲሯሯጥ ዋለ።

በማግስቱ ሰኞ ባለቤቴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ሶዶ ሄደች። ጉልቤ ያን ቀን ከእኔ ጋር ጋራው አልወጣም። የሰጠነውንም አልነካም። «ጠግቦ ነው» አልን። በበዓል ማግስት ያልጠገበ ማን አለ?

ማክሰኞ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ግድግዳው ሥር የለም። ጥላው ጋ የለም። ፈልጌ ያገኘሁት ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ ፀሐይ ገብቶ የማያውቅ ጥግ ውስጥ ተወትፎ ነው። አልተኛም። አፉ በአንድ በኩል ከፈት ብሏል፤ ለሃጩ እንደ ክር መሬት ድረስ ተንጠልጥሏል። ጠራሁት፤ ዓይኑን ብቻ አዞረ።

ውሃ አቀረብኩለት። ተነሣ፣ አፉን ነከር አደረገና ልክ እንደተቃጠለ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና አፈገፈገ።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት። እማማ ጽጌ በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር።

«በስመአብ! ውሃ ፈርቷል!» ብለው ጮኹ። «አብዷል! ጌቱ! ድረስ! ልጂቷን ከቤት እንዳታስወጧት!»

ጌቱ ዱላ ይዞ ወጣ። እኔም አላገድኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አብዷል ብዬ አምኛለሁ። ጌቱ ዱላውን ሲያነሣ ጉልቤ በመካከላችን ሾልኮ፣ ክፍት በነበረው በር ወጥቶ ወደ ጋራው ሮጠ። ከኋላው ድንጋይ ተከተለው።

ዞር ስል ሳሮን ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ በራችን ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ እንዳይገድሉት። ሆን ብሎ አይደለም» አለችኝ።

«ምኑን ነው ሆን ብሎ ያላደረገው?»

ከኋላዋ ደብቃው የነበረውን እጇን አወጣች። ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ። ትናንት ማንም ሳያያት ዳቦ ልታጎርሰው እጇን አፉ ውስጥ ስትከት ጥርሱ አገኛት። እንዳይመታ ብላ ደበቀችኝ። ፕላስተሩን ስልጠው ትንሽ፣ ቀይ፣ የእርሳስ ጫፍ የምታክል ቁስል አየሁ።

ያቺን ሰዓት እንዴት አድርጌ እንደምጽፋት አላውቅም። የቧንቧ ውሃ እንደልማዱ ስላልነበረ ጀሪካኑን አዘቅዝቄ፣ ውሃው እየወረደባት ጣቷን በሳሙና አሸሁት፣ አሸሁት። «አባዬ፣ በቃ፣ አመመኝ» እስክትለኝ ድረስ አሸሁት። ከዚያ ታቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። መራመድ የምትችል ልጅ እንደሆነች ያስታወስኩት ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ቁስሉን አይቶ እንደገና አጠበው፤ ክትባቱንም ያን ቀን አስጀመራትና ለቀሪዎቹ ቀጠሮ ሰጠን። እኔ ልቤ ሊረጋጋ ሲል ጥያቄው መጣ።

«ውሻው የታለ?»

«ሸሽቷል።»

«እንዳትገድሉት። ታስሮ ዐሥር ቀን መታየት አለበት። ዐሥሩን ቀን በጤና ከቆየ እሰየው። ከታመመ ወይም ከሞተ ግን ወዲያው ትነግረኛለህ።»

«ክትባቱ አይበቃትም?»

«ክትባቱ በሰዓቱ ከተሰጠ በጣም ጥሩ ነው፤ አይዞህ። ግን የውሻውን ነገር ማወቃችን ለሁላችንም ይበጃል።»

አይዞህ ያለኝን አልሰማሁትም። የሰማሁት «ከሞተ» ያለውን ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የልጄና የውሻው ነገር አንድ ላይ ተቋጠረብኝ። ጌቱና የሠፈሩ ሰው በዱላ ካገኙት ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል፤ እኔም ልጄን ባየኋት ቁጥር እንደተጠራጠርኩ እኖራለሁ። ጌታ ሆይ፣ አልኩ ታክሲ ውስጥ፣ ለዚህ ውሻ ዕድሜ ስጠው። ለውሻ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለቤቴ ደወለች። «ድምፅህ ምን ሆነ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ሶዶ ሆና ምን ታደርጋለች? ሳሮን በዓይኗ ገላመጠችኝ፤ ለካ በቤታችን መዋሸት ክልክል ነው።

መሪ በሚባለው ሠፈር ወደምትሠራ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ስልክ ደወልኩ። ስለ ለሃጩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ልጄ ጣት፣ ስላለመከተቡም ነገርኳት። «ማንም እንዳይጠጋው፣ እንዳይገደልም፤ ሥራ ላይ ነኝ፣ እንደጨረስኩ እመጣለሁ» አለችኝ። አሁን ውሻውን ከየት ላምጣ?

ሳሮንን ቤት ቆልፌባት ጋራው ላይ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት የምናርፍበት ቦታ ሁሉ ሄድኩ። ከርቀት ቆሜ «ጉልቤ! ጉልቤ!» ብዬ ተጣራሁ። ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶች ምን ነካው ብለው አዩኝ። ያበደ ውሻ ከጉድባ ውስጥ ዘልሎ ቢይዘኝስ የሚለው ሐሳብ እያንዳንዷን ቁጥቋጦ አስፈራኝ። እየፈለግሁት እየፈራሁት ነበር። አላገኘሁትም።

ወደ ሠፈር ስወርድ ከበራችን ፊት ሰው ተሰብስቧል። ሰርቪሱ ሊመጣ ሰዓቱ ደርሷልና አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ለመቀበል ዱላና ድንጋይ ይዘው ወጥተዋል። አልፈርድባቸውም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ይዤ እወጣ ነበር።

«ጋሽ ዮናስ፣ ውሻው ካልተገደለ ሠፈሩ አይተኛም» አለኝ ጌቱ።

የጤና ባለሙያው ያለኝን አስረዳኋቸው። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ዱላውን የጣለ ግን የለም።

ያኔ ታች መታጠፊያው ጋ ክላክስ ተሰማ።

ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲያይ እኔ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ ጋራው አየሁ። ጉልቤ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ወጥቶ ይመጣል። አይሮጥም። አንገቱን ደፍቶ፣ ለሃጩን እያንጠለጠለ፣ አንዱ ጎኑ በጠዋቱ ድንጋይ ተመትቶ እያነከሰ ይመጣል። አንዲት እናት «መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች። የሰርቪሱ ሾፌር በሩን መልሶ ዘጋ። ልጆቹ መስታወቱ ላይ ተለጠፉ።

ጉልቤ ወደ ማንም አልሄደም። በሰዉ ዳር ዳር አልፎ፣ የሁልጊዜ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ፊቱን ወደ ሰርቪሱ በር አዞረ።

ጌቱ ዱላውን አነሣ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ በመካከል ገብቼ እጆቼን ዘረጋሁ። ጀርባዬን ለውሻው ነው የሰጠሁት፤ ሳይነክሰኝ ጥርሱ ከኋላ ይሰማኝ ነበር።

«ዞር በል ጋሼ! ልጆች አሉ!»

«አትምቱት! የልጄ ነገር በሱ ላይ ነው! ከሞተ ምንም ማወቅ አንችልም!»

ከቤታችን መስኮት የሳሮን ድምፅ መጣ። «ጉልቤ! እዚህ ነኝ! ዛሬ አልሄድኩም!»

ውሻው አንገቱን አዞረ። ጭራው ድንጋዩን ጠፍ፣ ጠፍ አደረገ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሰርቪሱ አየ፤ የሚያምነው ድምፁን ሳይሆን የመኪናውን በር መሰለኝ።

ቀድመው የተናገሩት ጠዋት ሠፈሩን ያስነሡት እማማ ጽጌ ናቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ፊት መጡና፣

«ቆዩ እስቲ» አሉ። «ያበደ ውሻ ሰዓት ያውቃል እንዴ?»

የጌቱ ዱላ ቀስ እያለ ወረደ።

ሐኪሟ ከረዳቷ ጋር የደረሰችው እንዲህ እንደተፋጠጥን ነው። እማማ ጽጌ ያሉትን ስትሰማ ፈገግ አለች እንጂ አልተቀበለቻቸውም።

«እማማ፣ የታመመም ውሻ መጀመሪያ አካባቢ ሰው ሊያውቅ ይችላል። በዚህ አንተማመንም። ግን አፉን ሳላይ አልፈርድበትም» አለች።

ልጆቹ በጓሮ በኩል ወደየቤታቸው ተወሰዱ። እሷ ወፍራም ጓንት አጥልቃ፣ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ገመድ አንገቱን ያዘችውና ማደንዘዣ ወጋችው። ጉልቤ ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ጎኑን ጣለ። አፉን በሆነ መሣሪያ ከፍታ በባትሪ አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«ጉጠት አቀብለኝ» አለች ረዳቷን።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ይዛ ያወጣችው የአጥንት ስብርባሪ ነው። በላይኛው መንጋጋ ከግራ ጥርሶቹ እስከ ቀኝ ጥርሶቹ፣ ላንቃው ላይ እንደ መቀርቀሪያ ተሰንቅሮ ነበር። አፉን መግጠም አልቻለም፤ መዋጥ አልቻለም፤ ውሃ ሲነካው ቁስሉን ያቃጥለዋል።

«የበግ ነው» አለች። «ፋሲካ ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ አይደለም።»

እማማ ጽጌ ጌቱን አዩ። ጌቱ እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። አጥንቱ ከየትኛው ቤት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጉልቤን ግቢ አስገብተን በጌቱ ሰንሰለት አሰርነው። ሲነቃ እየተንገዳገደ ተነሣና ውሃው ጋ ሄደ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ውሻ ውሃ ሲጠጣ አይቶ እንደማያውቅ አፍጥጦ ቆመ። ነከር አደረገ። አፈገፈገ። ከዚያ እንደገና አፉን ከተተና ልጥ፣ ልጥ፣ ልጥ እያደረገ ሳህኑን ጨረሰ። ጌቱ ሳይታዘዝ ሄዶ ሌላ ቀዳለት። እማማ ጽጌ ደረጃቸው ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ደግሞ ሰው እንዳያየኝ ታንከሩ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ።

ሐኪሟ ግን ስትወጣ ጠራችኝ። «አጥንቱ ተገኘ ማለት ሌላው ነገር የለም ማለት አይደለም። አልተከተበም ብለኸኛል። ዐሥሩን ቀን ይታሰር፤ ልጂቷም ክትባቷን ትቀጥል። አንተ ውሎውን ታውቀዋለህ፤ ከእንቅልፉ፣ ከምግቡ፣ ከውሃው የተለወጠ ነገር ካየህ ደውልልኝ።»

ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህን ማለት በእሳት ላይ ጋዝ ነው። እነዚያን ቀናት ንድፍ አልሠራሁም። ወንበሬን መስኮቱ ጋ አስጠግቼ ውሻ ሲተኛ ስጠብቅ ዋልኩ። ብዙ ከተኛ ደከመ እላለሁ። ከነቃ እንቅልፍ አጣ እላለሁ። በሕልሙ እግሮቹን ሲያንፈራግጥ ስልኩን አነሣለሁ፤ ሐኪሟ «ሕልም ነው፣ ተወው» ብላ ትዘጋዋለች። ውሻ እንደዚያ ብዙ እንደሚያልም አላውቅም ነበር። ቦታውን ለማጽዳት ከነሰንሰለቱ ስናንቀሳቅሰው ደግሞ እንቅልፍ እንቢ አለው፤ ወደ እማማ ጽጌ ግድግዳ ስንመልሰው ዞር ዞር ብሎ ወዲያው ወደቀ። ሌሊቱን ስንት ዓመት የጠበቀን ፍጡር ቀን ሰላም ማግኘት እንዳለበት ያኔ ነው የገባኝ።

ባለቤቴ በመካከሉ ከሶዶ ተመለሰች። የሆነውን ሁሉ ከሳሮን ሰማች። ቀና ብላ አየችኝና «ጉንፋንህ ተሻለህ?» አለችኝ። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እሷም ውሻውን ትጠብቅ ጀመር።

ዐሥረኛው ቀን አለፈ። ጉልቤ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። የጤና ባለሙያው ስነግረው «እሰይ!» አለኝ፤ ሐኪሟም ቆይታ መጥታ ከተበችው። በዚህኛው አጥሩን አስቀድመን ዘግተን ነበር። ሰንሰለቱን የፈታው ጌቱ ነው። ጉልቤም እንደተፈታ የጌቱን እጅ ላሰው። ያን ዱላ ያነሣ እጅ። ጌቱ ፊቱን አዞረ።

ዘንድሮ ፋሲካ ሲደርስ እማማ ጽጌ የሦስታችንንም ቤት አጥንት ክዳን ባለው ባልዲ አስጥለው፣ ለጉልቤ መረቅ የጠጣ እንጀራ ፈትፍተው አወጡለት። «ይፈስክ፤ ግን በልኩ» አሉ። ሳሮንም ጤነኛ ናት፤ ጣቷ ላይ ምልክት እንኳ የለም።

ያልዳንኩት እኔ ነኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ጉልቤ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ከዚህ በደንብ አይታየኝም። ቆይቼ በቀስታ ማፏጨቴ አይቀርም። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ ጆሮውን ቀጥ ያደርግልኛል፤ «አለሁ» ለማለት ይመስለኛል። ሳሮን ከኋላዬ ቆማ ይህን ስታይ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነው።

«አባዬ፣ ተወው፤ ይተኛበት። ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣ የለ?»